ስምንት የማጽናኛ ቃላትና ያልገባሁበት ቤት

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ዛሬ ሳላስበው ሥራ ተጫነኝ። ኃላፊያችን በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ስታወርድ ግን አያቴ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ስምንት ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችና፣

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩዋቸው» አለችኝ። «ስምንት የእንግሊዝኛ ቃል። ፍቺያቸው ስምንቱም ላይ ‹ሐዘኔታ›። መዝገበ ቃላት ነው የምናዘጋጀው ወይስ ማኅተም ነው የምንመታው?»

አየኋቸው። ሲምፓቲ፣ ኤምፓቲ፣ ኮምፓሽን፣ ፒቲ፣ ኮንዶለንስ፣ ኮሚዘሬሽን፣ ኮምፈርት፣ ሶሪ። እውነቷን ነው። እነዚህን ካርዶች የሞላው ሰነፍ ማን ነው ብዬ ብገለብጣቸው የገዛ ፊርማዬን አገኘሁት። ከአራት ዓመት በፊት፣ ያውም ከምሳ በኋላ የተሞሉ መሆን አለባቸው።

ስለዚህ ለስምንቱ አንድ «የዘመድ ገጽ» እሠራለሁ። የዘመድ ገጽ የምንለው፣ ትርጉማቸው የተቀራረበ ቃላትን ሰብስበን እያንዳንዱ ከየት እንደመጣና ከዘመዱ በምን እንደሚለይ የምንጽፍበት ነው። ለእያንዳንዱም አንድ ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ይጨመራል። እስከ ሐምሌ አጋማሽ ማለቅ አለበት።

ሌላ። የቀይ ብዕር እናት ሰኞ ዕለት አርፈዋል። ቀይ ብዕር አራሚያችን ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይሰርዛል። የሚሠራው ቤቱ ሆኖ ነው፤ ረቂቁን ሾፌራችን ያመላልስለታል። እናቱን እኔም እማማ ነው የምላቸው። እል ነበር።

ነገ እሄዳለሁ። ዛሬ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ዳቦ ገዛሁ። ስድስት። ታላቅ እህቴ በር ከፍታልኝ ከረጢቱን አየችና «እንግዳ አለብን እንዴ?» አለችኝ። እኔና እትዬ ብቻችንን ነው የምንኖረው፤ ስድስት ዳቦ በሦስት ቀንም አንጨርስ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ዝናብ። አልሄድኩም። ጃንጥላዬን እትዬ ይዛው ወጥታለች። ነገ።


ዓርብ፣ ሰኔ 7

ጃንጥላዬን ይዛ ለካ ቀይ ብዕር ቤት ኖሯል የሄደችው! ዛሬም ደገመች። ተመልሳ መጥታ ልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን ሳታዞር፣

«ጠየቀኝ» አለች።

«ማን?»

«ማን ይጠይቀኛል? ‹የት ጠፋ?› አለኝ። ምን ልበለው? ጉንፋን ጥሎታል አልኩት። ሰው ሐዘን ቤት ቁጭ ብዬ ላንተ ስል ዋሸሁ። በስተርጅና!»

«ጉሮሮዬን እኮ እውነትም እየከረከረኝ ነው።»

«ይከርክርህ!» አለችና መኪናዋን አስጮኸችው።

ደህና ጉንፋን ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል። ሰኞ ያለ ምንም ጥርጥር እሄዳለሁ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ቅዳሜ ከሰዓት ሰዎች ምን ያደርጋሉ? እኔ አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት የሳምንቱን ካርዶች በላስቲክ አስሬ የምሄደው ቀይ ብዕር ቤት ነው። እማማ መስኮቱ ሥር ባለው ሰፊ ወንበር ላይ ተደላድለው ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቃሉን እደብቅና ፍቺውን ብቻ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ። ምን እንደሆነ ካወቁት ካርዱ አለፈ። «ምን አልክ?» ካሉኝ ተመልሼ እጽፈዋለሁ። ያለፈው ካርድ ጠርዝ ላይ ቀይ ብዕር «ተሰምቷል» ብሎ ይጽፍበታል። ኃላፊያችን ያልተሰማ ካርድ ለኅትመት አታሳልፍም፤ የሚሰማው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። የባለሙያዎች ጉባኤ ያለን ይመስላት ይሆናል።

አንድ ጊዜ «ለአንድ ጉዳይ የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ስብስብ» ብዬ ሳነብላቸው «ኮሚቴ ነዋ!» አሉ። «‹ሻይ የሚጠጡ› የሚለውን ደግሞ ረስተኸዋል።» ቀይ ብዕር ሊጨምረው ሲል ነው የያዝኩት።

ዛሬ መደርደሪያዬን አጸዳሁ። ቀጥሎ ለእትዬ ካርድ ላነብላት ሞከርኩ። ክር በመርፌ እያስገባች ለሁሉም «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጆሮ ለመዝገበ ቃላት አይሆንም።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ትናንት አልሄድኩም፤ ስብሰባ ነበረን። ስብሰባው በአራት ሰዓት አለቀ። ይሁን።

ሥራው ግን ሞቅ አለ። ሲምፓቲ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «አብሮ» የሚል ቃልና «ስሜት» የሚል ቃል ተጋጥመው ነው። ግሪኮች ስሜትንና መከራን በአንድ ቃል ነው የሚጠሯቸው፤ ሁለት ቃል ማባከን አልፈለጉም። ኮምፓሽን ከላቲን ነው፤ «አብሮ መሠቃየት»። ኮንዶለንስም ከላቲን፤ «አብሮ መታመም»። ኮሚዘሬሽንም እዚያው ሰፈር ነው። አራቱም «አብሮ» ብለው ይጀምራሉ። «እቤት ሆኖ» ብሎ የሚጀምር አላገኘሁም። ይቺን ካርዱ ላይ አልጻፍኳትም።

የሚገርመው ምሳሌዎቹ ናቸው። እኔ ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ላይ ደካማ ነኝ፤ «ልጁ ኳስ መታ» ከሚለው ርቄ ሄጄ አላውቅም። ዛሬ ግን እጄ ተፈታ። ለሲምፓቲ፦ «የጓደኛው ሐዘን ልቡን ነካው፤ ነገር ግን ሳይሄድ ቀረ።» ለኮንዶለንስ፦ «የሐዘን መግለጫ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀደደው።» ከየት እንደሚመጡልኝ እንጃ።

(ደብዳቤውን አራተኛ ጊዜ እሞክረዋለሁ። «በታላቅ ሐዘን» ብሎ መጀመር እንደ ጋዜጣ ነው። «ወንድሜ» ብዬ ብጀምር ቀጥሎ ምን ልል ነው?)


ዓርብ፣ ሰኔ 14

ጉድ ነው የሆንኩት። ሾፌራችን ጠዋት አንድ ጠርሙስ ማር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ከቀይ ብዕር ነው ጋሼ። ለጉንፋንዎ።»

ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጽሑፉ እንደተለመደው ቀይ ነው። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሞቀ ውኃ። ሲሻልህ ና።»

እናቱ የሞተችበት ሰው ለእኔ አዘነ! ለሌለ ጉንፋን! እኔ ለእሱ ልልክ የሚገባኝን እሱ ላከልኝ። እቤት ይዤው ስገባ እትዬ ጽሑፉን አንብባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና «አታፍርም ግን?» አለችኝ።

አፍራለሁ። ማሩ ግን ጥሩ ነው። ሦስት ማንኪያ በላሁ። ኀፍረት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል የሚሉ ሰዎች ማር ቀርቦላቸው አያውቅም።


ሰኞ፣ ሰኔ 17

ሾፌሩ ፊት ሳልኩ። ሁለት ጊዜ። «ኧረ ጋሼ፣ ይታከሙት!» አለኝ። አሁን ይህንንም ሄዶ ይነግረዋል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?


ረቡዕ፣ ሰኔ 19

ፒቲ። ይቺ ቃል አስቸጋሪ ናት፤ ከዚህ በፊትም ጽፌያት ነበር። ስለዚያ ሌላ ቀን።

ጥንት ላቲን እያለች ትርጉሟ ሐዘኔታ አልነበረም። ለወላጅና ለፈጣሪ የሚገባን ማድረግ፣ ግዴታን አለመርሳት ማለት ነበር። በፈረንሳይኛ በኩል ዞራ እንግሊዝኛ ስትገባ ለሁለት ተከፈለች፤ አንዷ ለፈጣሪ የሚሆነውን ይዛ ቀረች፣ ሌላዋ ለተጎዳ ሰው መራራትን ያዘች። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ትንሽ ንቀት ገባባት፤ ዛሬ አንድ እንግሊዛዊን ‹ላንተ ፒቲ ይሰማኛል› ብለው ደስ አይለውም። ለእናት የሚገባን ማድረግ ብላ የጀመረች ቃል እዚህ ደረሰች።

ምሳሌ፦ «ሰውዬው ከሐዘንተኛው ይልቅ ለራሱ አዘነ።»

ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

ሻይ ልቀዳ ስሄድ ገጽ የምታቀናብረው ልጅና ሾፌሩ ሲያወሩ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ጋሼ ግን እስካሁን አልሄዱም አሉ።»

«ታመው እኮ ነው።»

«የምን መታመም! ትናንት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ሲወጡ አይቻለሁ። የሰው ፍቅር የላቸውም እንጂ።»

ሻዬን ሳልቀዳ ተመለስኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለት የወጣሁት የቀይ ብዕር ረቂቅ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ነበር። ካርዶቼን ሲሰርዝልኝ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ነው። ይህን ለማን ይነግሩታል?


ቅዳሜ፣ ሰኔ 29

ዛሬ ልጻፈው፤ ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም። እትዬ ብታነበውም ቀድማ አውቃዋለች።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ፣ ኃላፊያችን ሳታዘኝ በራሴ ያሻሻልኩትን የፒቲን ካርድ ለእማማ አነበብኩላቸው። «በሌላ ሰው ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት የሚያድር የሐዘን ስሜት።» በደንብ የተቀመረ፣ ትከሻው የማይነቃነቅ ፍቺ ነበር። እማማ ሰሙና፣

«ይሄን የጻፈው ሰው» አሉ፣ «ማንም ሞቶበት አያውቅም።»

ቀይ ብዕር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ደሜ ፈላ። እንዴት ማንም ሞቶበት አያውቅም ይባላል? እናቴን በሠላሳ ዓመቴ የቀበርኩ ሰው! ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ስከራከራቸው ሰነበትኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርዶቹን በላስቲክ አሰርኩ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ መልሼ አወለቅሁ። ለቀይ ብዕር ደወልኩና ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። ሰኞ ሞቱ።

ጉንፋኑን የፈጠረችው እትዬ አይደለችም። እኔ ነኝ። እሷ ያለ ዕውቀቷ የእኔኑ ውሸት አደሰችልኝ።

ሌላም አለ። ረቡዕ ሰኔ 5 ሄጄ ነበር። ከማዶ ሆኜ አየሁ። ወንበሮች እስከ ደጅ ተደርድረዋል፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ እትዬም አንዷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ገብቼ ምን ልበል? ልጃቸው እሱ ነው፤ ዘመዶቹ እነሱ ናቸው። እኔ ካርድ አንባቢ ነኝ። ገብቼ ከሁሉ በላይ ባለቅስ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ቤት ነው?» አይልም? አጠገቤ ዳቦ ቤት ነበር። ገባሁ። ስድስት ዳቦ ገዛሁ። ከረጢቱን ይዤ ብዙ ስዞር ቆይቼ ነው ቤት የደረስኩት፤ እትዬ ቀድማኝ ገብታ ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። መጻፉ ቀለል አደረገኝ። መሄድ ግን ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቢሆን «ዘገየሁ» ይባል ነበር፤ በሃያ ስድስተኛው ቀን ምን ይባላል? ቃል የለውም። ፈልጌያለሁ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ኃላፊያችን የጨረስኳቸውን ካርዶች አየቻቸው። ፍቺዎቹን አገላብጣ አለፈቻቸው። ምሳሌዎቹ ጋ ስትደርስ መነጽሯን ወደ ላይ መለሰችው፤ ይህ ብርቅ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ምን አግኝተው ነው? ምሳሌዎችዎ ነፍስ ዘሩ እኮ!»

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከሥራ ስወጣ ለእትዬ ብርቱካን ገዛሁላት። «ዛሬስ ምን አጠፋህ?» አለችኝ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

ሶሪ። ሶሮው ከምትባለው ሌላኛዋ የሐዘን ቃል ጋር እህትማማች ትመስለኝ ነበር፤ መልካቸው አንድ ነው። ባዳ ናቸው! ሶሪ የመጣችው «የቆሰለ፣ የሚያም» ከሚል አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ሶሮው ደግሞ ከሌላ ቤት። አብረው ብዙ ዘመን ስለኖሩ ነው የተመሳሰሉት። አንድ ቤት ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ዘመድ እንደሚመስሉት ማለት ነው። ይቺ ግኝት ከምንም በላይ ደስ አሰኘችኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ዛሬ እንግሊዞች እግር ቢረግጡም ሶሪ ነው፣ ሰው ቢሞትም ሶሪ ነው። ቁስሉ ድኖ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል።

ምሳሌ፦ «ይቅርታ የሚጠይቀውን ሰው ቤት ያውቀዋል፤ መንገዱ ግን ረዘመበት።»


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ጨረስኩ! ኮምፈርት፦ ሥሩ «ማጠንከር» ነው። ሶፋ፣ ትራስ፣ ለስላሳ ነገር ብለን ነው የምናስባት፤ እሷ ግን ስትወለድ «አይዞህ» ነበረች። ምሳሌ፦ «ሊያበረታታው ተነሥቶ ከመንገድ ተመለሰ።»

ኤምፓቲ ደግሞ የሁሉም ታናሽ ናት፤ መቶ ዓመት ብትሆናት ነው። ጀርመኖች «ወደ ውስጥ ገብቶ መሰማት» የሚል ቃል ነበራቸው፤ ሰው ሥዕል ሲያይ በስሜቱ ሥዕሉ ውስጥ ይገባል ለማለት። እንግሊዝኛው ያንን በግሪክ ልብስ አልብሶ ወሰደው። ስለ ሥዕል የጀመረች ቃል ናት እንግዲህ ዛሬ ስለ ሰው የሆነችው። ምሳሌ፦ «ከበሩ ማዶ ቆሞ የውስጦቹን ስሜት ተረዳ።»

በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል። ነገ ይቀናበራል።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

ደንግጬ ነው የምጽፈው።

ገጽ አቀናባሪዋ የተቀናበረውን ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። በጣም ያምራል። ምሳሌዎቹን ሁሉ በአንድ ዓምድ፣ ዘመም ባለ ፊደል፣ አንዱን ከአንዱ ሥር ደርድራቸዋለች። እስከ ዛሬ እያንዳንዱን በየካርዱ ነበር የማያቸው። ዛሬ ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው።

ልቡ ተነካ፣ አልሄደም። ጻፈ፣ ቀደደ። ተነሣ፣ ተመለሰ። ማዶ ቆመ። ስምንቱም!

«ይህ ገጽ አይውጣ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ወጥቷል እኮ ጋሼ» አለች። «ይሄ የእርስዎ ቅጂ ነው። ለአራሚው ሾፌሩ ይዞት ሄደ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት ወረድኩ፣ ሦስት ሦስትም ሳይሆን አይቀርም። መኪናው ከግቢው እየወጣ ነበር። እጄን እያወናጨፍኩ ተከተልኩት። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ እጁን አውለበለበልኝና ሄደ። ሰላም ያልኩት መስሎታል።

ኃላፊያችን ክፍል ገብቼ «ይህን ገጽ ሌላ ሰው ቢያርመው» አልኩ። «ለምን?» አለች። «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ። እግዚኦ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 19

አልተመለሰም።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23

አልተመለሰም። ቀይ ብዕር አንድ ገጽ ከሁለት ቀን በላይ አቆይቶ አያውቅም። ሾፌሩን «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማን?»

«አራሚው ነዋ!»

«ኧረ ምንም። በር ላይ ቆሞ ሲያነበው ነበር። ‹ትንሽ ልቆይበት› አለኝ።»

በር ላይ ቆሞ! ተቀምጦ እንኳ አይደለም። ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከዳቦው ጀምሮ። ስፌቷን አቁማ ሰማችኝ። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

«አየሁህ እኮ» አለች። «ያን ቀን ማዶ ቆመህ። ጠቅሼህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እግር ያለህ ሰው ነህ። ስጠቅስህ ግን አላየኸኝም፤ መሬት መሬት ነበር የምታየው።»

ቀጥላ «ብርቱካን አለ፤ ብላ» አለች። እትዬ ስታዝንልኝ እንዲህ ነው።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 25

ገጹ መጣ።

ባዶ ክፍል ፈልጌ ገብቼ ነው የከፈትኩት። ፍቺዎቹን አልነካቸውም። ሥርወ ቃሎቹ ላይ አንዲት ነጥብ ጨምሯል። ከምሳሌዎቹ ዓምድ ጎን፣ ከላይ እስከ ታች በሚሄድ አንድ ረጅም ቀይ መስመር፣ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፦

«ይህ ሰውዬ በስምንት ምሳሌ አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም። አንባቢ ይሰለቻል። ይግባ።»

ከገጹ ግርጌ ደግሞ፦ «አልተሰማም። ቅዳሜ ይነበብ።»

ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ክፍሉ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ስወጣ ገጽ አቀናባሪዋ ዓይኔን አየችና «ጋሼ፣ ጉንፋኑ አሁንም አልለቀቀዎትም?» አለችኝ። ከልቧ ነበር፤ የሰው ፍቅር የላቸውም ያለችውን ይቅር አልኳት።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ሄድኩ።

ዳቦ ቤቱን አለፍኩት። እዚያ ስደርስ እግሬ ትንሽ ሰነፈ፣ ግን አለፍኩት። በመንገዴ የምለውን አሰናድቼ ነበር። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ስለ እማማ፣ ሁለተኛው ስለ ጥፋቴ፣ ሦስተኛው ይቅርታ። ቀይ ብዕር በነጠላ ጫማ ሆኖ ከፈተልኝ። ከስቷል። ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች ጥለውኝ ሄዱ።

«ማሩ ጥሩ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ግባ እንጂ፣ ምሳሌ አትሁን።»

ገባሁ። ሰፊው ወንበር መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። እኔም እሱም አልተቀመጥንበትም። ሁለት ኩርሲ ስበን ትይዩ ተቀመጥንና ገጹን አወጣሁ። ማንበብ ጀመርኩ። ሲምፓቲን አነበብኩ፣ ኮምፓሽንን አነበብኩ። እሱ ወንበሩን እያየ ያዳምጣል። ፒቲ ጋ ስደርስ ገጹን ጉልበቴ ላይ አኖርኩት።

«ያን ቅዳሜ» አልኩት፣ «ጉንፋን አልነበረኝም።»

«እናውቃለን።»

«እናውቃለን? ማንና ማን?»

«እኔና እማማ። ‹ቀረ እንዴ?› አለች። ጉንፋን ይዞታል ስላት ‹የምን ጉንፋን፣ ተቆጥቶ ነው› አለች። ‹ደግ አደረግሁ። ሲቆጣ ነው ደህና የሚጽፈው።›»

«ቅር አላላቸውም?»

«ቅር? ስትስቅ ነበር። ‹በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ካርድ አሳምሮ ይዞ ይመጣልሃል፤ እኔ ደግሞ እንደገና እጥልበታለሁ› እያለች።»

ከዚህ በኋላ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረቡ ወንዶች፣ ትይዩ፣ ኩርሲ ላይ። ኩርሲው ደግሞ ለማልቀስ አይመችም፤ ወደ ኋላ የሚደግፍ ነገር የለውም።

ፊታችንን ሳንጠራርግ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ሴት ናቸው፤ እንደ እማማ ያሉ አሮጊት። ሁለት ወር ሌላ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ከርመው ዛሬ ጠዋት መመለሳቸው ነው፤ መርዶውን የሰሙት ገና አሁን በር ላይ ነው። እያለቀሱ ገቡና ቀይ ብዕርን አቀፉት። «ሳልቀብራት! እኔ ሳልኖር!» ይላሉ። እሱ ጀርባቸውን እየዳበሰ ያባብላቸዋል። እኔ ተነሥቼ ግድግዳውን ተጠጋሁ። ማዶ መቆም ለምዶብኛል።

ሴትዮዋ ቀና ሲሉ አዩኝ። ያበጡ ዓይኖቼን አዩ።

«እሱስ? አላወቅሁትም፣ ማን ነው?»

ቀይ ብዕር ዞሮ አየኝ። ትንሽም አላሰበም።

«የእማማ የቅዳሜ ልጅ ነው» አላቸው።

«እሱ ነው እንዴ!» አሉ። «እሱ ነው ካርድ የሚያነብላት? ስለሱ የማትነግረኝ ቀን ነበር?»

ወደ እኔ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉኝ።

ይህን ያለኝ የለም። ሃምሳ አራት ቀን ሙሉ ማንም ለእኔ አላለም፤ እንዲባልልኝም አልጠበቅሁም። ስምንት ቃል ከነሥራቸው ቆፍሬ ሳወጣ የከረምኩ ሰው፣ ሲሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። ሴትዮዋ እጄን አልለቀቁም።

ቀይ ብዕር በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«አሜን በላ» አለኝ።

«አሜን» አልኩ።